በአጎቴ ሳንባ ውስጥ የገባችው ፀሐይ

ቆይ ቆይ፣ አንድ በአንድ! ሁላችሁም ባንድ ጊዜ አትጩኹብኝ። «ከሬዲዮ ሰምተህ ነው» ነው የምትሉኝ? አዎ፣ ከሬዲዮ ሰምቼ ነው። እናንተስ ጆሮ አልነበራችሁም? ያን ቀን ሞላሌ ገበያ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮው ለሃያውም እኩል ነው የጮኸው። አሥራ ዘጠኙ ስለ በግ ዋጋ ሲጨቃጨቅ እኔ ሰማሁ። ይሄ ጥፋት ከሆነ እሺ፣ ጥፋቴ ነው። ሌላው ደግሞ «ፀሐይዋ መች ጨለመች፣ ትንሽ ነው የደበዘዘችው» ይላል። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ሦስተኛው ግን፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ «አጎትህን በቀልድህ ልትገድላቸው ነበር» ይላል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አርፋችሁ ቁጭ የምትሉት። አጎቴን ልገድላቸው የነበረውም እኔ ነኝ፣ ያዳንኳቸውም እኔ ነኝ። ሁለቱንም የሠራሁት እኔ ሆኜ ሳለ ግማሹን ብቻ ይዞ መዞር ግፍ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴን በመልክ አላውቀውም፤ ያረሱልን፣ ገብሱን ያጨዱልን፣ እኔን በለበቅ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያን ዓመት ሳል ያዛቸው። ተራ ሳል እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ሲስሉ በረት ያሉት በጎች ብድግ ይሉ ነበር። እናቴ ሁለት ወር ለምና፣ አልቅሳ፣ ደብረ ብርሃን ወስዳ አስመረመረቻቸው። ራጅ ተነሡ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተባሉ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይዘሉ ኪኒን እንዲውጡ ታዘዙ።

ኪኒኑን የምታስውጣቸው ጤና ኬላው ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ሰዉ «ዶክተሬ» ይላታል፤ እሷም አይደለሁም አትልም። የመጀመሪያው ቀን አጎቴን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ሻል አለኝ ብለው ቢያቋርጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ከዛ እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው፣ ያውም በመርፌ። እሱም ከሠራ ነው» አለቻቸው።

እናቴ ወደኔ ዞረች። «ሰማህ? በየማለዳው ይዘሃቸው የምትመጣው አንተ ነህ። ሌላ ሥራ የለህም።»

«እንዴት የለኝም?»

«ወሬ ሥራ አይደለም» አለች።

እንግዲህ ሥራ ተሰጠኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ፣ አምስተኛን በበሩ አይቼው የተመለስኩ ሰው፣ የአንድ ሳንባ ኃላፊ ሆንኩ። በየጠዋቱ አጎቴን እየመራሁ እሄዳለሁ፤ ይውጣሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዶክተሬ ከምላሳቸው ሥር ሳይቀር ታያለች። መድኃኒቱ ሽንታቸውን ቀይ አድርጎታል። መንገድ ላይ ቆም ብለው ይሸኑና፣ «ተመልከት፣ ጠጅ ነው የምሸናው። ሀብታም ሆኛለሁ» ይሉኛል። ሳላቸውም እየቀለለ ሄደ።

ራጁን ግን ምን ያህል እንደሚወዱት ልነግራችሁ አልችልም። ከሞዴል አርሶ አደርነት ወረቀታቸው ጎን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ወረቀቱን ለማንም አያሳዩም። ራጁን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወርዱና በበሩ ብርሃን ይዘው፣ «ይሄ ጎድኔ ነው። ይቺ ልቤ ነች። ይሄ ጉም የመሰለው እሱ ራሱ ነው፣ በሽታው» ይላሉ። እንግዳውም አይገረምም። በኛ አገር ጉም የማይገባበት የት አለ?

ወደ ሬዲዮው ልመለስ። ሰውዬው ያለው ይሄ ነው። የጥር ሥላሴ ዕለት ጠዋት፣ ጨረቃ በፀሐይና በመሬት መሃል ትገባለች፤ ፀሐይ ትከለላለች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይብስባታል፤ በባዶ ዐይን ያያት ዐይኑ ይጠፋል። ቀጠለና ደግሞ ፀሐይ ራሷ ኮከብ ናት አለ። ዛሬ የምናየው የኮከብ ብርሃን ድሮ፣ እኛ ሳንወለድ ከኮከቡ የተነሣ ነው፤ መንገድ ላይ ከርሞ ከርሞ አሁን ገና መድረሱ ነው አለ። ይሄን እንኳ ወዲያው አመንኩት። የመሐል ሜዳን አውቶቡስ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ በሩጫ። ሬዲዮ የምትባል ቃል ግን ከአፌ አልወጣችም። ለምን ይወጣል? ሬዲዮው ብዙ ወሬ አለው፣ እኔ አንድ ነው ያለኝ።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ጠላው ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ተነሣሁ። «የፊታችን ዓርብ፣ የሥላሴ ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይን አጠፋታለሁ» አልኩ።

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ፣ ጾሙንና በዓሉን በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዳዊት ላይ ስደርስ ፈረጠጥኩ እንጂ።

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይ የጨለመችው በስቅለት ነው» አሉ።

«አዎ የኔታ።»

«ስቅለት ደግሞ በጥር አይውልም።» ጣታቸውን አንጓ በአንጓ ነኩ። «ከመጋቢት ሃያ አራት አይወርድም፣ ከሚያዝያ ሃያ ስምንት አይወጣም። አለቀ።»

ሰንበቴተኛው ሁሉ አበቃለት ብሎ ወደኔ አየ። ምን ልበል? ሂሳቡ እኮ ልክ ነው! ጨረቃ ግን እሳቸው ጋ አልተማረችም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ፊቱን ከሰከሰ። «ምርጫ እየደረሰ ፀሐይ ትጠፋለች ብሎ ማውራት ሕዝብ ማሸበር ነው። ለመሆኑ ማንን አስፈቅደህ ነው?»

«ማመልከቻ ልጻፋ?»

«ጻፍ» አለኝ። ሰውዬው አልቀለደም፤ እኔም ጻፍኩለት።

አጎቴ ብቻ ናቸው ከልባቸው የጠየቁኝ። «ካጠፋሃት በኋላ መልሰህ ታበራታለህ ወይስ እንደዛው ልትተዋት ነው? ገብሱ እኮ ገና አልተወቃም።»

«አበራታለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ምንም አይደል» ብለው ጠላቸውን ጠጡ።

ማታውን ሳስበው ግን አንድ ነገር ጎደለ። በባዶ ዐይን ካላዩ ማን ያምነኛል? ካዩ ደግሞ አገሩን በሙሉ አሳውሬ የት እገባለሁ? ያን ጊዜ ነው ራጁ ትዝ ያለኝ። ጥቁር ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ምን ይፈለጋል? ጠዋት ከጤና ኬላው ስንመለስ አነሣሁት።

«ጋሼ፣ ለዓርብ ራጁን ያውሱኝ።»

«ለምንህ?»

«ፀሐይዋን ልናይበት።»

መንገዱ ላይ ቀጥ አሉ። «ሳንባዬን ፀሐይ ላይ ልትይዘው? አብደሃል? ምች ይመታኛል! ሰው ሆዱን ይዞ ትንሽ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ምች መታው ብለን ስንት ቀን ዳማ ከሴ እናጠጣዋለን፤ እኔ ውስጤን ገላልጬ ላቁምልህ?»

«ፎቶ እኮ ነው።»

«ፎቶ አይደለም። ሐኪሙ 'ይሄ ሳንባዎ ነው' ብሎ ነው በእጄ የሰጠኝ። ሐኪም ይዋሻል?»

አያችሁ እንግዲህ፣ እዚህ ጋ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚሁ አልቆ እናንተም ወደየቤታችሁ ትሄዱ ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁና፣ «ጋሼ፣ ፀሐይዋ እኮ በኔ ትእዛዝ ናት። እሳቸውን እንዳትነኪ እላታለሁ። አለቀ» አልኩ።

አዩኝ፣ አዩኝ። «ንገራት እንግዲያ» አሉና ራጁን ሰጡኝ።

ዓርብ ደረሰ። ውርጩ መሬቱን ጨው የነሰነሱበት አስመስሎታል። አጎቴን በሌሊት ወስጄ ኪኒናቸውን አስዋጥኩና ወደ ሥላሴ ሄድን። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። በዓሉ ዓርብ ስለዋለ ሥጋ የለም፣ ስለዚህ እኔን ነበር የሚበሉኝ። «ገና ናት እንዴ?» «እፍ የምትልበት ትንፋሽ አጠረህ ይሆን?» «ከቀየት ድረስ የመጣነው በከንቱ ነው?» እኔ ራጁን ወደ ፀሐይ ያዝኩ። መጀመሪያ ያየሁት ጎድን ብቻ ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ በዛ ብርድ። ሬዲዮው ዋሽቶኝ ከሆነ በቀጥታ ወደ ዘመሮ እንደምጠፋ እንኳ ወስኜ ነበር። ከዛ ከፀሐይዋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተሸረፈ። አይጥ እንደቀመሰችው ዳቦ።

«ኑ!» አልኩ።

ራጁ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። «ጎድን ነው የማየው» ይላል አንዱ። «ጎድኑን እለፈውና ከኋላው ያለችውን እያት!» እላለሁ። ያየ ሰው ሁሉ «ውይ ሥላሴ!» እያለ ይቀበለኛል። እየቆየ ብርሃኑ ውኃ እንደበዛበት ጠላ ቀጠነ። ጥላችን ሌላ መልክ ያዘ፤ ብርዱ እንደገና ተመለሰ። አልዋሽም፣ አልጨለመም። ዶሮም ቆጥ አልወጣ፣ በግም በረት አልገባ። አንዱ፣ «ይኸው ነው ያጠፋሃት?» አለኝ።

«ቆጥቤ ነው» አልኩት። «ገብስ ያልወቃ ሰው አለ።»

ግን ሬዲዮው ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። ከግቢው ጥድ ሥር የቆሙት ሴቶች እሪ አሉ። ሄጄ ሳይ፣ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ሆኗል። ክብ ክብ የነበረው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ማጭድ። በአፈሩ ላይ፣ በሴቶቹ ነጠላ ላይ፣ በሕፃናቱ ራስ ላይ፣ ሺህ ማጭድ ይንቀጠቀጣል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ዘርግተው ማጭዶቹ እንዲያርፉበት አድርገው ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይጸልዩ፣ ይቁጠሩ፣ አላወቅሁም። ይሄን የሚያህል ሰማይ ወደኛ ጥድ ሥር ድረስ ወርዶ ሲጫወት፣ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» ለማለት አፌ እንኳ እምቢ አለ። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ወዲያው ዳነ።

አጎቴ ከኋላዬ መጥተው፣ «ራጄን አምጣ፣ እኔም ልያት» አሉ።

በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት። ፀሐይዋ ያን ጊዜ እንደ ቀንድ ቀጥናለች። ሌላ ቦታ አልጠፋባት፣ ጉሙ ካለበት፣ ከበሽታው ላይ ሄዳ ተሰነቀረች።

«ገባች» አሉ በቀስታ።

«ምኗ?»

«ፀሐይዋ። ሳንባዬ ውስጥ ገባች። መታችኝ።» ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

እቤት በሰው ትከሻ ገቡ። የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ተኙ፤ ጎረቤቱ ዳማ ከሴ ጨምቆ አጠጣቸው፣ አስሸተታቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ፣ «ጋሼ፣ እንሂድ» አልኩ።

«አልሄድም። የምች መድኃኒት ከኪኒን ጋር አይስማማም። ምቹ ይውጣልኝና እቀጥላለሁ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አሽከርህ አይደለች እንዴ? እዘዛትና ትውጣ።»

ምን ላድርግ? ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ «ውጪ! ከአጎቴ ሳንባ ውጪ!» ብዬ ሰማይ ላይ ጮኽኩ። ጎረቤት በሙሉ ወጥቶ አየኝ። ስመለስ አጎቴ፣ «ድምፅህ ላይ እምነት የለም» አሉኝ። ፋኖስ አብርቼ ፀሐይ አደረግሁ፤ ድንች ይዤ ጨረቃ አደረግሁ፤ «የርስዎ ጭንቅላት መሬት ነው እንበል» ስል፣ «ጭንቅላቴን መሬት አልከው?» ብለው ዱላቸውን ፈለጉ። ትምህርቱ እዛ ላይ ቆመ።

እሑድም አልዋጡም። ዶክተሬ ቤት ድረስ መጣች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አጎቴ ባናውን ሳይገልጡ ሰሟት። ስትወጣ እኔን አጥሩ ጥግ ይዛ፣ «አንተ ነህ ያሳመምካቸው፣ አንተ አድናቸው። አንድ ሳምንት ከሞላ ከኔ እጅ ወጥቷል። ደግሞም እንዳትቀልድብኝ» አለችኝ። አልቀለድኩም። እናቴ ምግብ ስታቀርብልኝ ብላ አትልም፤ ሰሐኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች። ይሄ ከስድብ በላይ እንደሚያም የማያውቅ ካለ እናት የለውም ማለት ነው።

ሰኞ፣ የከተራ ዕለት፣ አጎቴ ሲስሉ ሰማሁ። ያ የድሮው ሳል፣ በግ የሚያስነሣው። ሲጨርሱ በጨርቅ አፋቸውን ጠርገው ጨርቁን መደቡ ሥር ሸጎጡት። ሲተኙ ሄጄ አወጣሁት። ደም ነበረበት። ለእናቴ አላሳየኋትም። መልሼ ሸጎጥኩት፣ ወጥቼም ከበረቱ ኋላ ትንሽ ቆየሁ። ምን አደረግህ እዛ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

በማግስቱ ጥምቀት ነው። አጎቴ፣ «ምቹን ጠበል ያወጣልኛል» ብለው ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ በበቅሎ ሄዱ። ጠበሉ ከተረጨ በኋላ ጎረምሳው ክብ ሠርቶ መዝለል፣ መፎከር ጀመረ። በዚህ ነገር የአገሩ አንደኛ እኔ ነኝ። ይሄን እንኳ ጠላቴም አይክደውም። «ፀሐይ አጥፊው! ግባ! ፎክር!» እያሉ ገፍተው መሃል አስገቡኝ። አንዱ ዱላውን አቀበለኝ።

«ዘራፍ!» አልኩ። አጎቴ አንድ ድንጋይ ላይ፣ ባና ተጠቅልለው ተቀምጠው ይታዩኛል። ከዘራፍ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ጠፋኝ።

«ፀሐይዋን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ሞላሌ ሻይ ቤት ከሬዲዮ ነው የሰማሁት። ጨረቃ ናት የከለለቻት። ፀሐይዋ እኔን አታውቀኝም። አጎቴንም አታውቃቸውም። የማንም ሳንባ ውስጥ አልገባችም። እኔ ዋሽቻለሁ።»

ከዛ አንዱ «ሬዲዮ!» ብሎ ጮኸ፣ አገሩ በሳቅ ወደቀ። እስከ ዛሬም የምጠራው በዚሁ ነው፤ እናንተም ጨምሩበት። መሪጌታ ጣታቸውን አውጥተው፣ «እኔ በጥር አይውልም አላልኩም?» እያሉ ለጎረቤታቸው ያስረዳሉ። ሊቀመንበሩ፣ «ታዲያ ያን ማመልከቻ ለምን ጻፈ?» ይላል። ጆሮዬ እንደ ምጣድ ጋለ።

አጎቴ ብቻ አልሳቁም። በጣታቸው ጠሩኝ። ሄድኩና አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ከተወለድክ ጀምሮ ስታፍር አይቼህ አላውቅም» አሉኝ። «የመሪጌታን ባቄላ እሸት ስትሰርቅ ተይዘህ እንኳ ጣዕሙን ነበር የነገርካቸው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ አገር ፊት ራስህን አዋረድክ። አንተ እንዲህ ካደረግህ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።» ዝቅ አሉና በጆሮዬ፣ «ጨርቁን አየኸው?» አሉ።

«አየሁት።»

«ለእህቴ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

ባናቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «በል ዶክተሬን ጥራት።»

ዶክተሬ በሀገር ልብሷ አጊጣ ነበር፤ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ኪኒኑ እዛው ነው። ለካ አራት ቀን ሙሉ ይዛው ስትዞር ነበር። አጎቴ፣ «በጠበሉ ይዋጥ» አሉ። «በፈለጉት ይዋጡት እንጂ!» አለች። ዋጡ። አፋቸውን ከፈቱ። እዛው፣ ታቦቱና ሕዝቡ ባለበት፣ ከምላሳቸው ሥር ሳይቀር አየች። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ሆና ታይ ነበር። ማታ እራት ስታቀርብ፣ «ብላ፣ ሬዲዮ» አለችኝ።

ከዛ ወዲያ አንድ ቀን ሳይዘሉ ስምንቱን ወር ጨረሱ። አሁን የማታምኑ ሁሉ ተነሡና ሂዱ። መንገዱ ክፍት ነው። መሪጌታን ጠይቁ፣ ዶክተሬን ጠይቁ፣ በዛ ክብ ውስጥ የሳቀብኝን ማንንም ጠይቁ፤ እንዴት እንደሳቀ ያሳያችኋል። ይሄም ካልበቃችሁ አጎቴን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ ማሳው ላይ እርፍ እንደያዙ ታገኟቸዋላችሁ። የሚመልሱላችሁ በስድብ ነው፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ረጅም ስድብ ነው። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳይስሉ ነው የሚሰድቧችሁ።